ቄብ ነው ብለው አውራ እንዳይሸጡላችሁ፦ የ45 ቀን ዶሮ ወንዱን ከሴቷ እንዴት እንደምንለይ

መጀመሪያ ቃሉ ላይ እንግባባ። ጫጩት ወንድም ሴትም ነው፣ አድጋ ግን እንቁላል መጣል ያልጀመረችው ሴት ቄብ ትባላለች፣ ወንዱ ሲደርስ አውራ ነው፣ መሃል ላይ ያለውን እኛ ሰፈር ጎረምሳ እንለዋለን። ሻጭ ጋ ግን ሌላ መዝገበ ቃላት ነው ያለው፤ ለእንቁላል ፈልጌ ነው ካላችሁት ሁሉም ቄብ፣ ለበዓል ካላችሁት ሁሉም አውራ። እኔ 12 ቄብ ብዬ ገዝቼ 7ቱ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጎረቤት መቀስቀስ ጀመሩ።

1. በቀን ብርሃን ሂዱ። አንድ ዶሮ ብቻውን ታይቶ አይለይም፣ እኩል እድሜ ያላቸውን አንድ አይነት ዝርያዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ነው የምታወዳድሩት።

2. አናቱን እዩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ የሚያሳስተውም ይሄው ነው። በ45 ቀን አካባቢ ወንዱ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ከፍ ብሎ ቀላ ይላል፣ ከመንቁሩ ስር የሚንጠለጠለውም መታየት ይጀምራል፣ የሴቷ ግን ትንሽዬና ፈዘዝ ያለ ነው። እግሩንም ያዝ አድርጉት፣ የወንዱ ወፈር ይላል።

ግን ይሄ የሚሰራው በልጅነታቸው ነው! ቄብ እንቁላል ልትጀምር ስትል ፊቷም አናቷም ደም ይመስላል። እኔ ይሄን ሳላውቅ 5 ወር ገደማ የሆናትን አንዷን ቀልታ ሳያት አውራ ነው ብዬ ለበዓል አረድኳት፣ ሆዷ ሲከፈት ከትልቅ እስከ ትንሽ የተደረደረ ቢጫ አስኳል ዘለላ ወጣ፣ ባለቤቴ ዝም ብላ አየችኝ። ስለዚህ ከ3 ወር በኋላ አናቱን ተዉትና ላባውን እዩ፣ ወንዱ አንገቱና ወገቡ ላይ ቀጭን፣ ሹልና የሚያብረቀርቅ ላባ ያወጣል፣ የሴቷ ጫፉ ክብ ነው።

3. ኮኮክ የሚባለው ዝርያ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉሩን የሚያመጣው ዘረመል (ጂን) ወንዱ ላይ ሁለት ሴቷ ላይ አንድ ስለሆነ ወንዱ ነጣ ይላል፣ ሴቷ ጠቆር። ቦቫንስ ብራውን የሚባለው ዝርያ ደግሞ ገና ሲፈለፈሉ ወንዶቹ ነጣ ያሉ፣ ሴቶቹ ቡናማ ናቸው። ሳሶ ላይ ግን በቀለም ለመለየት አትድከሙ።

ሾጣጣ እንቁላል ወንድ ይፈለፍላል የሚባለውን ሞክሬዋለሁ፣ አይሰራም። ጫጩት ገልብጦ ከስር ማየትም የሰለጠነ ሰው ስራ ነው፣ እናንተ ስትሞክሩት ትጎዱታላችሁ።

4. ለምግብ የሚሆን እንቁላል ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ አውራ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ሴቷ ያለሱም ትጥላለች። ጫጩት ካሰባችሁ ለ10 ሴት አንድ ይበቃል። ወንድ ብላችሁ የለያችሁት እግር ላይ ቀይ ክር እሰሩ፣ በየሳምንቱም አላሉት፣ እግሩ ቶሎ ስለሚወፍር ክሩ ሥጋው ውስጥ ይገባል።