ሬዚኑ ሥራ ሳትጨርሱ እንዳይደርቅባችሁ

በድሬዳዋ ሙቀት አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባም ሆነ የመኪና ስፖይለር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠግኑ፣ ፖሊስተር ሬዚኑ (የፋይበር ጨርቁ የሚነከርበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ) ጨርቁን ሳታርሱበት እየደረቀ ካስቸገራችሁ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አታቆዩት። ከማድረቂያው ጋር እንደበጠበጣችሁ ወዲያው ዝርግ ትሪ ላይ አፍስሱትና ከዚያ በብሩሽ እየነከራችሁ ቀቡ።

ሬዚን ከማድረቂያው ጋር ሲገናኝ ራሱ ሙቀት ያመነጫል። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ መጀመሪያ እንደ እንቁላል ነጭ ይጓጉላል፣ ቀጥሎ ይጨሳል፣ የፕላስቲኩንም ቂጥ ያጣምመዋል። በስሱ ሲሰጣ ግን ሙቀቱ በአየሩና በትሪው በኩል ይወጣል፣ የመሥሪያ ጊዜ ታገኛላችሁ። እኔ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ነው የምሠራው። ሬዚኑን ትሪ ላይ ብታሰጡትም ፀሐይ ያጋለው ፋይበር ራሱ ቶሎ ያደርቀዋልና ይህን አትናቁት።

ሙቀት ነው ብላችሁ ማድረቂያውን ከ1 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 ግራም በታች አታውርዱት፤ ሬዚኑ በደንብ ሳይደርቅ እጅ ላይ እየተጣበቀ ሊቀር ይችላል። ኢፖክሲ የተባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን ከሆነማ የማድረቂያውን ልክ ፈጽሞ አትንኩ። ደግሞ መነጽር አድርጉ፤ የፖሊስተር ማድረቂያ ጠብታ ዓይን ያጠፋል።