ቴሌና ባንክ ሲጣመሩ ሱቃችሁ እንዴት ይጠቀማል?

ደሴ ሰኞ ገበያ ሸቀጥ የምትሸጡ፣ ኮምቦልቻ ካፌ ወይ ጋራዥ የከፈታችሁ፣ ይሄ ለናንተ ነው።

ባንክ ብር አለው፤ የናንተን የዕለት ሽያጭ ግን አያውቅም፣ ስለዚህ «ቤት አስይዙ» ይላል። ቴሌ ደግሞ በ2013 ዓ.ም ከጀመረው ቴሌብር ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ ያያል። ሁለቱ ሲጣመሩ በቤት ፋንታ የገንዘብ እንቅስቃሴያችሁ ይናገርላችኋል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የሚባለውን የቴሌብር ብድር ያመጣው እንዲህ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «ምቹ» ብድርም ከቴክኖሎጂ ኩባንያ ጋር የተሠራ ነው።

1. ወረቀት አስተካክሉ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ነምበር፣ ፋይዳ። አንዱ ላይ መሐመድ፣ ሌላው ላይ ሙሐመድ ተብሎ ከተጻፈ ቀድማችሁ አስታርሙ።

2. የቴሌብር የነጋዴ አካውንት አውጡ። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ብዙ ሰው በግል ቁጥሩ ይቀበልና የሱቁ ሽያጭ፣ የእህቱ ሐዋላና የዕቁቡ ብር ተደባልቆ ያርፋል፣ ከዚያ «ለምን ብድር አልተፈቀደልኝም?» ይላል። እንዴት ይፈቀድለት፣ የትኛው ሽያጭ እንደሆነ ማን ለየው? የሱቁ በሱቁ ይግባ። ዕቃ የምታመጡበትን አከፋፋይም በዚያው ክፈሉት፣ ወጪውም ይመዝገብ።

3. ኪውአር ኮዱን አትማችሁ ለጥፉ፣ ከሥሩ የነጋዴ ቁጥራችሁን በትልቁ ጻፉ። ከገጠር የሚመጣው ደንበኛ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ሊሆን ይችላል፤ እሱ *127# ደውሎ ይከፍላል። ደንበኛ «ይኸው ገብቷል» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳያችሁ አትመኑ፣ መልእክቱ እናንተ ስልክ ላይ ይምጣ። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

4. ጥቂት ወራት በደንብ ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ ብድሩን በትንሹ ሞክሩት። ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው፣ መቼ ይመለሳል፣ ቢዘገይ ምን ይቀጣል። የአጭር ጊዜ ብድር ለአረፋ ወይ ለገና ዕቃ ለማስገባት ያዋጣል። ለሠርግ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ! ወለድ የማትፈልጉ ደግሞ አታፍሩ፣ ጠይቁ፤ ዳሸን «ሸሪክ»፣ ንግድ ባንክ «ኑር» የሚባል ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸው፣ የትኛው ለሱቅ እንደሚሆን ቅርንጫፉ ይነግራችኋል።

5. በአንድ መንገድ ብቻ አትንጠልጠሉ። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ለመልስ የሚሆን ጥሬ ብር መሳቢያ ውስጥ ይኑር። «ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ብድር ተፈቅዶልዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት።