ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት፣ መኪና ላይ እምቢ የሚል ሲዲ

የምሰራው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ስለሆነ ሾፌሮች ከመግባታቸው በፊት ጎራ ይላሉ። ፍላሽ የማይቀበል የድሮ ቴፕ ያላቸው አሁንም አሉ። ለእነሱ ኤምፒስሪ ሲዲ እንጽፋለን። ቴፑ ላይ የኤምፒስሪ ምልክት መኖሩን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ቴፑ «ኖ ፋይል» ወይም «ኤረር» ይላል፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ይሰራል

ከሁሉም በላይ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ቴፑን ነው። ቴፑ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ባዶ ሲዲ ስታስገቡ ሁለት ምርጫ ይመጣል። አንዱ «ላይክ ኤ ዩኤስቢ ፍላሽ ድራይቭ» ይላል፣ ሌላው «ዊዝ ኤ ሲዲ/ዲቪዲ ፕሌየር»። ሳታነቡ «ኔክስት» ካላችሁ የሚያዘው የመጀመሪያው ነው። ያኔ ሲዲው የሚዘጋጀው በዩዲኤፍ ነው፤ ይህ ፋይሎች ሲዲው ላይ የሚደረደሩበት አንድ ዘዴ (ፋይል ሲስተም) ነው። ኮምፒውተር ዩዲኤፍ ያነባል። የድሮ የመኪና ቴፕ የሚያውቀው ግን አይኤስኦ 9660 የሚባለውን የቆየ ዘዴ፣ ሲበዛ ረጅም ስም የሚቀበለውን ተጨማሪውን ጆሊየትን ነው። ዘፈኑ ሲዲው ላይ አለ፤ ቴፑ የት እንዳለ ማግኘት አይችልም።

አንድ የአይሱዙ ሾፌር በዚህ ምክንያት ቴፑን ሁለት ጊዜ አስፈትቷል። ሌንስ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ ሌንስ አስገብቷል። እኔ ጋ ሲመጣ «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ሲዲውን ልየው» አልኩት። ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ከፈትኩ። ፋይል ሲስተም በሚለው ቦታ ዩዲኤፍ ይላል። አለቀ። እዚያ ቦታ መነበብ ያለበት ሲዲኤፍኤስ ነው፤ ዊንዶውስ አይኤስኦ 9660ን የሚጠራው እንዲህ ነው። ሌላ ሲዲ ጻፍኩለት፣ ወዲያው ዘፈነ። ለሌንሱ የከፈለው ገንዘብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ምረጡ። ፎልደሮቹን ጎትታችሁ አስገቡ። ልብ በሉ፣ እስካሁን ምንም አልተጻፈም! ፋይሎቹ ተራ እየጠበቁ ነው። «በርን ቱ ዲስክ» የሚለውን መጫን የእናንተ ስራ ነው። ይህን ሳያደርግ ሲዲውን መዝዞ፣ ለሰርግ ብሎ ባዶውን ቢሾፍቱ ድረስ ይዞ የሄደ ልጅ አውቃለሁ። ኦዲዮ ወይስ ዳታ ብሎ ከጠየቃችሁ ዳታ በሉ። ኦዲዮ ካላችሁ የሚይዘው 80 ደቂቃ ብቻ ነው። ዳታ ብላችሁ ዘፈኖቹ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተጨመቁ ኤምፒስሪ ከሆኑ ግን የሲዲው 700 ሜጋባይት ከ12 ሰዓት በላይ ዘፈን ይይዛል። የመጻፊያ ፍጥነቱንም የመጨረሻው ላይ አታድርጉት።

ሲዲ-አር፣ ማለትም አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ፣ በዩዲኤፍ ከተጻፈ በኋላ አይጠፋም፣ አይታደስም። ሌላ ግዙ።

አንዳንድ ዘፈን ብቻ ይዘላል

ብዙ ጊዜ ከስልክ የመጣ ኤም4ኤ የሚባል ሌላ ዓይነት የድምፅ ፋይል ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒስሪ መቀየር ስሙን እንጂ ውስጡን አይቀይርም። እባካችሁ በኮንቨርተር ቀይሩት።

ስሙ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ ቅደም ተከተሉም ይዘበራረቃል

ብዙ የድሮ ቴፕ የእኛን ፊደል አያሳይም። ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉ። ቁጥሩን 01፣ 02 እያላችሁ ጀምሩ፤ 1 ብቻ ካላችሁ 10ኛው ከ2ኛው ይቀድማል።

ዲቪዲ ላይ የጻፋችሁትን የሲዲ ቴፕ አያነበውም።

ሰሞኑን ይሰራ ነበር፣ አሁን ይንተባተባል

ርካሹን ባዶ ሲዲ ወደ መብራት አንሱት። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ መልሱት። እንዲህ ያለውን ሸጦ ሰውን ማድከም ነውር ነው። ደህናውንም ቢሆን ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ እያገኘው አትተዉት። በእስክሪብቶ ላዩ ላይ አትጻፉ፤ መረጃው ያለው ልክ ከዚያ ገጽ ስር ነውና ጫፉ ይበሳዋል። ለስላሳ ማርከር ተጠቀሙ። በኮዬ ፈጬ አቧራ ውስጥ የዋለ ሲዲ ከሆነ ለስላሳ ጨርቅ ይዛችሁ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ፣ እያዞራችሁ ግን በፍጹም። ሌንስ የምትጠራጠሩት ሌላ ደህና ሲዲም ሲንተባተብ ነው።

የሚለጠፍ ወረቀትም አትለጥፉ። ቴፑ ውስጥ ሲሞቅ ይላጣል፣ ሲዲው አልወጣ ይላል። ከተያዘ በቢላዋ አትጎርጉሩ። አስፈቱት።