የድሮ ደብዳቤዎች ቀን ሲምታታ

የድርጅታችንን የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ደብዳቤዎች በኤክሴል እየመዘገብን ነበር። በቀን ስንደረድራቸው መልሱ ከጥያቄው ዓመታት ቀድሞ ይመጣል። ምክንያቱ ሁለት የዘመን አቆጣጠር መደባለቁ ነው። «5/4/67» የሚለው በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 1959 ነው። በእኛ ከሆነ ደግሞ የአብዮቱ ማግስት። ልዩነቱ ትልቅ ነው!

መጀመሪያ በቋንቋ ለየን። አልሠራም፤ በእንግሊዝኛ ተጽፈው የእኛን ቀን የያዙ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ በፊርማ ሞከርን። አንዱ ኃላፊ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጠቀም ነበር።

ነገሩን የፈታው የመዝገብ ቤቱ የገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ነው። ከዕቃ ግምጃ ቤት አስወጣነው። መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር በአንድ አቆጣጠር የተሞላ ነው። የደብዳቤውን ቁጥር እዚያ ስትፈልጉ ትክክለኛው ቀን ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መዝገብ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ «አሮጌ ደብተር» ተብሎ እንዳይጣል።

ቁጥር ለሌላቸው ቀኑን ራሱን እዩ። 31 ካለ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ወር ከ30 አያልፍም። 13ኛ ወር ካለ ጳጉሜን ነው። የደብዳቤው ራስጌም ይረዳል፦ ድርጅታችን በእኛ 1967 ሲወረስ ስሙ ተቀይሯል።

በኤክሴሉ ላይ ሦስት ዓምድ አደረግን፦ እንደተጻፈው፣ የትኛው አቆጣጠር፣ የተቀየረው ቀን። የመጀመሪያውን ዓምድ ማንም አይነካም። ወረቀቱ ላይ ምልክት ካስፈለገ በእርሳስ ብቻ፣ ከጀርባው።