ከውድድር የተሰናበተ የቤዝቦል ተጫዋች ለዝና አዳራሽ ይገባዋልን? ክርክሩ እንዴት እንደሚሠራ

በየዓመቱ በጥር ወር ታላላቅ ተጫዋቾች የሚከበሩበት የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ምርጫ ውጤት በሚነገርበት ሰሞን፣ አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል በሚወደድበት ቤት ሁሉ ሙግት ይነሣል። የገባው አይገባውም ነበር ይባላል፤ የቀረው ተበድሏል ይባላል። ሙግቱ ፍሬ ሳያፈራ የሚቀረው ግን ተከራካሪዎቹ ጨዋታውን ስለማያውቁት አይደለም። አንዱ ስለ ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ አሻግሮ የመምታት) ብዛት፣ ሌላው ስለ ተጫዋቹ ጠባይ፣ ሦስተኛው ደግሞ በልጅነቱ ስለወደደው ቡድን እየተናገረ ሦስቱም የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድን ተጫዋች ይዞ ጉዳዩን ከመነሻው እስከ ፍርዱ እንዴት መመርመር እንደሚቻል ያሳያል። የመረጥኩት ሉ ዊተከርን ነው። ዊተከር ከ1977 እስከ 1995 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ድረስ ለ19 የውድድር ዘመናት ለዲትሮይት ታይገርስ ብቻ ሁለተኛውን ቤዝ፣ ማለትም መቺዎች ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ ከሚደርሱባቸው ማረፊያዎች ሁለተኛውን፣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እኔ ይገባዋል ከሚሉት ወገን መሆኔን ከወዲሁ እናገራለሁ፤ አንባቢም ክርክሬን ሲመዝን ይህን አብሮ ይመዝን።

1ኛ፦ የምርጫውን ሥርዓት ይወቁ

የዝና አዳራሹ የሚገኘው በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ተጫዋቾች፣ ማለትም ታይ ኮብ፣ ቤብ ሩት፣ ሆነስ ዋግነር፣ ክሪስቲ ማቲውሰንና ዋልተር ጆንሰን፣ በ1936 ተመረጡ። ዛሬ አንድ ተጫዋች ለምርጫ ለመቅረብ ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን መጫወትና ከተሰናበተ 5 ዓመት መሙላት አለበት። ድምፅ የሚሰጡት ለተከታታይ 10 ዓመታት የቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር አባል የሆኑ ጋዜጠኞች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ከ10 ስም በላይ መምረጥ አይችሉም። 75 በመቶ ያገኘ ይገባል፤ ከ5 በመቶ በታች ያገኘ ደግሞ ለዘለቄታው ከጋዜጠኞቹ ዝርዝር ይወጣል። በመካከል ያለው እስከ 10 ዓመት ድረስ ይጠብቃል፤ ይህ ዘመን እስከ 2014 ድረስ 15 ዓመት ነበር። በጋዜጠኞቹ የታለፈ ተጫዋች በኋላ 16 አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ይችላል፤ እዚያ የሚፈለገው 12 ድምፅ ነው።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው፣ የድምፅ ቁጥር የተጫዋቹ ዋጋ ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው። ዊተከር በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ከ515 ድምፅ ሰጪዎች 15ቱን ብቻ አገኘ። በዝርዝሩ ለመቆየት 26 ያስፈልገው ነበርና በአንድ ቀን ውስጥ ጉዳዩ ተዘጋ። ላሪ ዎከር የተባለ ሌላ ተጫዋች በበኩሉ በ2011 በ20.3 በመቶ ጀምሮ በ2014 ወደ 10.2 በመቶ ቢወርድም፣ በመጨረሻው ዕድሉ በ2020 በ76.6 በመቶ ገባ። በእነዚያ ዓመታት ዎከር አንድም ኳስ አልመታም፤ የተለወጠው ሰዎች መዝገቡን የሚያነቡበት መንገድ ነው። ስለዚህ “15 ድምፅ ብቻ ያገኘ ሰው እንዴት ይገባል?” የሚለው ጥያቄ ስለ ዊተከር ጨዋታ አንዳች አይነግረንም።

2ኛ፦ ስም ከመጥራትዎ በፊት መለኪያዎን ይቁረጡ

ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ለዝና አዳራሽ የሚያበቃው ለጥቂት ዓመታት ከሁሉ በላይ ማብራት ነው ወይስ ለረጅም ዘመን በብቃት መቆየት? አዳራሹ ሁለቱንም ዓይነት ሰዎች ተቀብሏል። ሳንዲ ኮፋክስ የእጁ ሕመም አስገድዶት በ30 ዓመቱ ሲሰናበት ያሸነፈው 165 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት እርሱን የሚስተካከል ኳስ ወርዋሪ ስላልነበረ በ1972 ተመረጠ። ዶን ሰተን ደግሞ 324 ጨዋታ አሸንፎ በ1998 ሲመረጥ፣ በአንድ የውድድር ዘመን 20 ድል የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የሚወዱት ተጫዋች ሲቀርብ “ዋናው ጽናቱ ነው”፣ የማይወዱት ሲቀርብ “ዋናው ከፍታው ነው” የሚሉ ከሆነ መለኪያ የለዎትም ማለት ነው። እንግዲያው መለኪያዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ስም ይጥሩ።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ በተጫወተበት ቦታ ቀደም ሲል ከተመረጡት ሰዎች መካከለኛ ደረጃ ጋር በድምር ሥራው የሚስተካከል ከሆነ ይገባዋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ከፍታው ጉድለቱን የሚሸፍን መሆን አለበት።

3ኛ፦ መዝገቡን ከአንድ አቻው ጎን አድርገው ያንብቡ

አቻው በተመሳሳይ ዘመን፣ በተመሳሳይ ቦታ የተጫወተና ቀድሞ የተመረጠ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ለዊተከር ከቺካጎ ከብሱ ራይን ሳንድበርግ የተሻለ አቻ የለም። ሳንድበርግም ሁለተኛ ቤዝ ጠባቂ ነበር፤ በ1984 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል፤ በየቦታው ለላቀ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ዘጠኝ ጊዜ አግኝቷል፤ በ2005 በሦስተኛው ሙከራው ተመርጧል።

ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሳንድበርግ 2,386 ሂት (መቺውን ቤዝ ያደረሰ ምት)፣ ዊተከር 2,369 ሂት አላቸው፤ ልዩነቱ 17 ብቻ ነው። ሳንድበርግ 282 ሆም ረን ሲመታ ዊተከር 244 መታ። የመምታት አማካያቸው፣ ማለትም ከመምታት ሙከራቸው ሂት የሆነው ድርሻ፣ 0.285 እና 0.276 ነው። እስከዚህ ያነበበ ሰው ሳንድበርግ በጥቂቱ ይበልጣል ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል፤ በ2001 ብዙ ድምፅ ሰጪዎች ያደረጉትም ይህንኑ ይመስለኛል።

አንድ ገጽ መግለጥ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። በቤዝቦል መቺው ከመምቻው ክልል ውጭ የተወረወሩ አራት ኳሶችን ሳይነካ ካሳለፈ ያለ ምንም ምት ወደ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። የመምታት አማካይ ይህን ጨርሶ አይቆጥርም፤ ለቡድኑ ግን ቤዝ ላይ የቆመ ሰው እንዴትም ይድረስ የቆመ ሰው ነው። ሳንድበርግ በዚህ መንገድ 761 ጊዜ ሲሄድ ዊተከር 1,197 ጊዜ ሄዷል። ዊተከር 226 ጨዋታ አብልጦ መጫወቱ እውነት ነው፤ ይሁንና በመጠን ሲሰላም ያው ነው፤ ዊተከር ለመምታት ከቆመበት 1000 ጊዜ 363ቱን ቤዝ ሲደርስ ሳንድበርግ 344ቱን ደርሷል። ክፉ ኳስ አይቶ መተው ጭብጨባ አያስነሣም፤ መዝገቡ ላይ ግን በየዓመቱ ይጠራቀማል።

4ኛ፦ ሜዳውንና ዘመኑን ከቁጥሩ ላይ ያራግፉ

የቤዝቦል ሜዳዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ላሪ ዎከርን ለዓመታት ከበር ያቆመው ከ1995 ጀምሮ ለኮሎራዶ ሮኪስ በዴንቨር መጫወቱ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በቀጭን አየር ውስጥ የተመታች ኳስ ርቃ ትበራለች፤ ወርዋሪው ሊያጎብጣት የሚሞክራት ኳስም እንደ ልቡ አትጎብጥለትም። ከ2,300 ሜትር በላይ የምትገኘውን አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ የአየር መሳሳት ለስፖርት ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያሻውም። ዎከር በዚያ ሜዳ 0.381 መታ፤ ይህ ቁጥር እንዳለ ከተወሰደ ያሳስታል። የተጠራጠሩት ሰዎች ስሕተት ግን ቁጥሩን ከማስተካከል ይልቅ መጣላቸው ነው። የሊጉ ኮከብ በተባለበት በ1997 ከመታቸው 49 ሆም ረኖች 29ኙን የመታው ከዴንቨር ውጭ ነው።

ሜዳንና ዘመንን አስተካክሎ የሚያሳይ ኦፒኤስ ፕላስ የሚባል ስሌት አለ። በእርሱ 100 ማለት በዘመኑ መካከለኛ መቺ ማለት ነው። ዎከር 141 ነው። ሳንድበርግ 114፣ ዊተከር 117 ናቸው። በመምታት አማካይ ኋላ የቀረው ሰው ሁሉም ነገር ሲቆጠር ቀድሞ ተገኘ።

5ኛ፦ ዎርን ይጠቀሙበት፣ አይሸሸጉበት

ዎር የሚባለው ስሌት መምታትን፣ መሮጥንና መከላከልን ጨምቆ፣ ተጫዋቹ በማንኛውም ጊዜ ከታችኛው ሊግ ሊመጣ ከሚችል ተተኪ ይልቅ ለቡድኑ ስንት ድል እንደጨመረ በግምት ያስቀምጣል። ቤዝቦል ሬፈረንስ በተባለው የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ስሌት ዊተከር 75.1፣ ሳንድበርግ 68.0 ነው። የዊተከር ቁጥር ከተመረጡት የሁለተኛ ቤዝ ጠባቂዎች አማካይ ይበልጣል። ሆኖም ፋንግራፍስ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ የራሱ የሆነ ሌላ ስሌት አለው፤ በተለይ የጥንቱ መከላከል የተሰላው ካሜራ እያንዳንዱን እርምጃ ከመመዝገቡ በፊት ስለሆነ ግምትነቱ ያይላል። የሁለትና የሦስት ነጥብ ልዩነት ይዞ “አለቀ” ማለት አይገባም። የዊተከርም ድካም የሚታየው እዚህ ነው፤ ሰባት ምርጥ ዓመታቱ ብቻ ቢደመሩ ከተመረጡት አማካይ በታች ይውላል። እርሱ የቆመው በተራራ ጫፍ ሳይሆን ሰፊ በሆነ ደጋ ላይ ነው።

6ኛ፦ “እገሌ ከገባ” አይበሉ

ሃሮልድ ቤይንስ በጋዜጠኞቹ ምርጫ ከ6.1 በመቶ አልፎ አያውቅም፤ በታኅሣሥ 2018 ግን በኮሚቴ 12 ድምፅ ገባ። ከዚያ ወዲህ “ቤይንስ ከገባ እገሌም ይግባ” የሚል ክርክር በዝቷል። በዚህ መንገድ ከተሄደ ደጁን በየዓመቱ ማስፋት ነው የሚቀረው። ማነፃፀር የሚገባው ከደካማው ጋር ሳይሆን ከመካከለኛው ጋር ነው።

7ኛ፦ የጠባይን ጥያቄ ለብቻው ይፍረዱ

የምርጫው ደንብ ከችሎታና ከመዝገብ ጋር ቅንነትን፣ ስፖርታዊ ጨዋነትንና ጠባይን ይጠቅሳል። 762 ሆም ረን የመታው ባሪ ቦንድስ በመጨረሻ ዕድሉ በ2022 ያገኘው 66 በመቶ፣ 354 ጨዋታ ያሸነፈው ሮጀር ክሌመንስ 65.2 በመቶ ነው፤ ምክንያቱ ስማቸው ከአበረታች መድኃኒት ጋር መያያዙ ነው። እዚህ ላይ ሰው በቅንነት ሊለያይ ይችላል፤ ቢሆንም የተለያዩትን ጉዳዮች በአንድ ከረጢት መክተት አይገባም። የሊጉ ቅጣት በ2004 ከመጀመሩ በፊት የተወራበት ሰው አንድ ነገር ነው፤ ደንቡ ከጸና በኋላ ሁለት ጊዜ እንደተቀጣው እንደ ማኒ ራሚሬዝ ያለ ሰው ሌላ ነገር ነው። በውርርድ ምክንያት በ1989 የታገደው፣ 4,256 ሂት ያለው ፒት ሮዝም ሌላ ነው። የእኔ ፍርድ ማስረጃ ለሌለበት ወሬ ድምፅ እንዳይነፈግ፣ ለተረጋገጠ ቅጣት ግን ክብደት እንዲሰጥ ነው። ዊተከር በዚህ በኩል ነቀፋ የለበትም።

8ኛ፦ የተቃዋሚውን ክርክር ከእርሱ አብልጠው ይናገሩ

ዊተከርን የሚቃወም ሰው የሚለውን ልናገርለት። ለሊጉ ኮከብነት በተሰጠ ድምፅ ከ8ኛ ደረጃ በላይ ወጥቶ አያውቅም። የወርቅ ጓንቱ ሦስት፣ የኮከቦች ጨዋታ ጥሪው አምስት ብቻ ነው። በግራው ስለሚመታ ግራኝ ወርዋሪዎች ያስቸግሩት ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታትም አሠልጣኙ በእነዚያ ቀናት ያሳርፉት ነበር። ስሙ “የዝና” አዳራሽ ከሆነ፣ ዝነኛ ያልነበረ ሰው ምን ይሠራል?

ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ የወርዋሪው ነጥብ በተለይ እውነት ነው፤ ተቀብዬው በመዝገቡ ውስጥ ስለተቆጠረ ሁለት ጊዜ አይቀነስም እላለሁ። ስለ ዝናው ግን የ1985ቱን የኮከቦች ጨዋታ ላስታውስ። ዊተከር መለያውን መኪናው ውስጥ ረስቶ ሚኒያፖሊስ ደረሰ። በስታዲየሙ ለተመልካች ከሚሸጡት ቅጅዎች አንዱ ተገዛለትና ጀርባው ላይ 1 ቁጥር በማርከር ተጻፈበት፤ በዚያው ለብሶ ተጫወተ። ያ ሸሚዝ ዛሬ በስሚዝሶንያን ተቋም ተቀምጧል። ሰውየው ግን ኩፐርስታውን አልገባም፤ ከአጠገቡ ቆሞ 1,918 ጨዋታ አብሮት የተጫወተው አለን ትራመል በታኅሣሥ 2017 ሲመረጥ እርሱ ውጭ ቀርቷል።

9ኛ፦ ፍርዱን በአጭር አንቀጽ ይጻፉ

አንቀጹ መለኪያውን፣ ከሁሉ የሚጠነክረውን ማስረጃ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞና መልሱን ይያዝ። በሕይወት ላለ ተጫዋች ሲሆን አይዘግዩ። ዲክ አለን በኮሚቴ ሁለት ጊዜ በአንድ ድምፅ ወድቆ በታኅሣሥ 2024 ሲመረጥ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አብሮት የተመረጠው ዴቭ ፓርከርም የክብር ሥነ ሥርዓቱ አንድ ወር ሳይሞላው ቀርቶት በሰኔ 2025 አረፈ። የእኔ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦

“ሉ ዊተከር በድምር ሥራው ከተመረጡት የሁለተኛ ቤዝ ጠባቂዎች አማካይ ይበልጣል፤ ቤዝ በመድረስ ከራይን ሳንድበርግ ይቀድማል፤ በዘመኑ ልክ ሲለካም በመምታት አያንስም። ምርጥ ዓመታቱ ከሌሎቹ ያነሱ ቢሆኑም፣ ለ19 ዓመታት ሳይዋዥቅ የቆመበት ደረጃ ያንን ጉድለት ይሞላል። በታኅሣሥ 2019 ከ16 የኮሚቴ አባላት 6ቱ ድምፃቸውን ሰጡት፤ በ2022ም ሆነ በ2025 ግን ስሙ ለኮሚቴው ከቀረቡት ስምንት ስሞች መካከል አልነበረም። ስለዚህ የምጠይቀው ስሙ በሚቀጥለው ዝርዝር እንዲካተትና አባላቱ 1,197 ቁጥር የተጻፈበትን ገጽ ገልጠው እንዲያነቡ ነው።”