ብዙ አምፖል ያለውን የኤልኢዲ ስትሪፕ በ512 ባይት ራም መቆጣጠር

እያንዳንዱ አምፖል ለብቻው ቀለም የሚቀበልበትን ደብሊውኤስ2812ቢ የተባለ የኤልኢዲ ስትሪፕ ኤቲታይኒ85 በተባለ አነስተኛ ማይክሮኮንትሮለር ቺፕ ለመቆጣጠር የሚያስብ ሰው፣ አስቀድሞ የራሙን (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) መጠን ማስላት አለበት። የቺፑ ራም 512 ባይት ብቻ ሲሆን፣ አንድ አምፖል ለአረንጓዴ፣ ለቀይና ለሰማያዊ በዚሁ ቅደም ተከተል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ የ150 አምፖሎች ቀለም ብቻውን 450 ባይት ይይዛል፤ ለቀረው ፕሮግራም የሚተርፈው 62 ባይት እጅግ ጠባብ ነው።

ስለዚህ የምመክረው፣ 16 ቀለሞችን የያዘ ሰንጠረዥ ፕሮግራሙ በሚቀመጥበት ቋሚ ማህደረ ትውስታ (በፍላሽ) ላይ አኑሮ ለእያንዳንዱ አምፖል የቀለሙን ቁጥር ብቻ በ4 ቢት መመዝገብ ነው። ያኔ ለ150ው አምፖሎች 75 ባይት ይበቃል፤ ትክክለኛው ቀለምም በሚላክበት ቅጽበት ከሰንጠረዡ ይነበባል።

ከሁሉም የሚከብደው የጊዜ አጠባበቁ ነው። አንድ ቢት 1.25 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ ቺፑ በ8 ሜጋኸርዝ ሲሠራ ይህ 10 የሰዓት ምት ብቻ ስለሆነ፣ የመላኪያው ክፍል የቺፑ ትእዛዞች አንድ በአንድ በሚጻፉበት ቋንቋ፣ በአሴምብሊ፣ ይጻፍ፤ መረጃው ተልኮ እስኪያልቅም ኢንተራፕት (ሥራውን አቋርጦ ሌላ ሥራ የሚያስገባ ጥሪ) ይዘጋ። በሁለት አምፖሎች መካከል የሚደረገው ንባብ አጭር ይሁን፤ የመረጃ መስመሩ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ከቆየ ስትሪፑ መልእክቱ እንዳበቃ ስለሚቆጥር፣ ቀጣዩ ቀለም ወደ መጀመሪያው አምፖል ይሄዳል።

አንድ አምፖል በሙሉ ነጭ ብርሃን እስከ 60 ሚሊአምፔር ሊስብ ስለሚችል፣ ለ150ው እስከ 9 አምፔር ያስፈልጋል። በሰንጠረዡ ያሉትን የብርሃን መጠን ቁጥሮች ዝቅ ማድረግ ይህን ፍጆታ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ስትሪፑ የራሱ ባለ5 ቮልት ኃይል ምንጭ ይኑረው፣ ግራውንዱም (የዜሮ ቮልት መስመሩ) ከቺፑ ግራውንድ ጋር ይገናኝ።