ሊኑክስ ላይ የፔጅ ሪፍካውንት ሲዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

ዲሜስግ (የከርነሉን ሎግ) ማንበብና ከርነል ኮምፓይል ማድረግ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። ሪፍካውንት ማለት አንድን ፔጅ (የሜሞሪ ቁራጭ) ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚያሳይ ቆጠራ ነው፤ ዜሮ ሲገባ ፔጁ ይለቀቃል።

ምልክቱ፦ ሎጉ ላይ «ባድ ፔጅ ስቴት» ይመጣል፣ ከስሩ «ነንዚሮ ማፕካውንት»። ፔጁ ገና በአንድ ፕሮሰስ የሜሞሪ ካርታ (ፔጅ ቴብል) ላይ እያለ ቆጠራው ዜሮ ገብቶ ተለቋል ማለት ነው። አጠገቡ የተጻፈውን የፕሮሰስ ስም አትመኑ። ብዙ ጊዜ ያ ምስኪን የመጨረሻዋን ህጋዊ ቅናሽ ስላደረገ ብቻ ነው ስሙ የተነሳው፤ ጥፋተኛው ቀድሞ አንድ ፑት (ቆጠራውን የሚቀንስ ጥሪ) አብዝቶ ሄዷል።

ምክንያቱ፦ እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ያው አንድ ነገር ናቸው፤ የድራይቨሩ የኤረር መንገድ (ነገር ሲበላሽ የሚሄድበት ኮድ)። ድራይቨሩ በጌት_ዩዘር_ፔጅስ (የፕሮሰስን ፔጆች ቆጠራ ጨምሮ በሚይዘው ፈንክሽን) 64 ፔጅ ይጠይቃል፣ 40 ይሰጠዋል። ፈንክሽኑ አሳንሶ መመለስ ይችላል፣ ይሄ ባግ አይደለም። ድራይቨሩ ግን ሲያጸዳ 64ቱንም በፑት_ፔጅ ይለቃል። አሬዩ በዜሮ የተሞላ ከሆነ እዚያው ክራሽ ያደርጋል፣ ተመስገን ነው። ካለፈው ዙር የተረፈ አሬይ ከሆነ ግን 24ቱ አሮጌ ፖይንተሮች ዛሬ የሌላ ፕሮሰስ ፔጅ ላይ ያመለክታሉ፣ ቆጠራቸውም ድምፅ ሳያሰማ ይቀንሳል። አንድ የቪዲዮ ካርድ ድራይቨር ልክ እንዲህ አድርጎ ሰዎቹ ራም ቀየሩ፣ ቀጥሎ ማዘርቦርድ ቀየሩ። ኮዱን የከፈተ ግን አልነበረም!

መፍትሄው፦ የጠየቃችሁትን ሳይሆን የተመለሰላችሁን ቁጥር ያህል ብቻ ልቀቁ። መልሱን አንሳይንድ (ነጌቲቭ የማይይዝ) ቫሪያብል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ኤረር ሲሆን የሚመጣው ቁጥር፣ ለምሳሌ -14፣ ከ4 ቢሊዮን በላይ የሆነ ፖዘቲቭ ሆኖ ቁጭ ይላልና ሉፑ አይቆምም። ለዲኤምኤ (ሃርድዌሩ ራሱ ሜሞሪ ላይ ሲጽፍና ሲያነብ) ከከርነል 5.6 ጀምሮ ያለውን ፒን_ዩዘር_ፔጅስ ተጠቀሙ፣ የምትለቁትም በአንፒን (አንፒን_ዩዘር_ፔጅስ) ብቻ ይሁን። እደግመዋለሁ፣ በአንፒን ብቻ። ለተራ ፔጅ አንድ ፒን ቆጠራውን በ1024 ነው የሚጨምረው፤ በፑት_ፔጅ ከለቀቃችሁት 1 ተቀንሶ 1023 ይቀራል፣ ያ ፔጅም ተመልሶ አይገኝም። ሜሞሪ እያነሰ የትኛውም ፕሮሰስ ላይ ካልታየ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ጥፋተኛውን ለመያዝ ኮንፊግ_ዲበግ_ቪኤምን አብሩ፣ ፔጅ_ኦነር (እያንዳንዱን ፔጅ ማን እንደጠየቀው የሚመዘግበው) ያለበት ከርነል ገንቡና ፔጅ_ኦነር=ኦን ብላችሁ ቡት አድርጉ። ኮንፊግ_ዲበግ_ፔጅ_ሬፍ ደግሞ እያንዳንዱን ጭማሪና ቅናሽ ትሬስ ላይ ያወጣል። ሰው የሚሠራበት ሰርቨር ላይ ግን እንዳትሞክሩት።

አልፎ አልፎ፦ ያለ ሎክ ያገኛችሁትን ፔጅ በጌት_ፔጅ አትያዙ፣ ዜሮ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ጌት_ፔጅ_አንለስ_ዚሮ ነው የሚያዋጣው። ቆጠራው ሞልቶ መገልበጡም ነበረ፣ ሲቪኢ-2019-11487 (የታወቀ የደህንነት ቀዳዳ መለያ ቁጥር)፤ በ2019 ተስተካክሏል፣ 140 ጊጋባይት ያህል ራምም ስለሚፈልግ እናንተን የሚያገኛችሁ አይመስለኝም።